ያ ቃል የትኛው ፋይል ውስጥ ነው?

አንድ ፕሮግራመር በሺህ በሚቆጠሩ የኮድ ፋይሎች ውስጥ «ታክስ» የሚለው ቃል የት የት እንዳለ ማወቅ ፈለገ እንበል። አንድ በአንድ እየከፈተ ቢያይ ይመሽበታል። ኬን ቶምሰን በአሜሪካው ቤል ላብስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1973 ከዩኒክስ ስርዓተ ክወና ጋር የወጣው «ግሬፕ» የተባለ ፕሮግራም ግን መስመር በመስመር ፈትሾ ቃሉ ያለበትን ብቻ ያወጣል። ችግሩ፣ ግሬፕ ትርጉም አያውቅም፤ የሚያየው ፊደል ነው። «ታክስ» ሲሉት «ሲንታክስ»ንም ይዞ ከች ይላል! «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል ምርጫ ያለው ለዚሁ ነው። ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ውስጥ ፍለጋውን የሚሠራው ደግሞ «ሪፕግሬፕ» የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ነው። ሲበዛ ፈጣን ነው፤ ግን የኮድ ለውጦችን የሚከታተለው ጊት እንዲተዋቸው የተመዘገቡትን ፋይሎች እሱም ሳይነግራችሁ ይዘላል። ስለዚህ «አልተገኘም» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት፤ ያንን ማጣሪያ አጥፉና እንደገና ፈልጉ።