ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ አሜሪካ ውስጥ መንዳት የጀመረ ሰው መብራቱ ቀይ ሆኖ ሳለ ከፊቱ ያለው መኪና ወደ ቀኝ ታጥፎ ሲሄድ ያያል። ጥፋት ነው? በአብዛኛው አይደለም።

ፈቃዱ በአገሪቱ የተስፋፋው ከእ.ኤ.አ. 1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ኮንግረስ በ1975 ባወጣው ሕግ፣ የፌዴራል የኃይል ቁጠባ ድጋፍ የሚሹ ግዛቶች ይህን እንዲፈቅዱ ጠየቀ። ጭር ባለ መንገድ ቆሞ ቤንዚን ማቃጠል ብክነት ነውና።

ታዲያ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ከመስመሩ በፊት ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ ማዝገም መቆም አይደለም። ቀጥሎ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና አረንጓዴ ለበራለት መኪና ቅድሚያ መስጠት። አሽከርካሪ ዓይኑን ከግራ በሚመጣው መኪና ላይ ተክሎ፣ ከቀኝ የሚሻገረውን እግረኛ ይዘነጋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የሚከለክል ምልክት ካለ ግን ይጠብቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀይ ቀስት ሲበራም እንዲሁ። ኒውዮርክ ከተማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የሚፈቅድ ምልክት ከሌለ ክልክል ነው።

አረንጓዴ ሲበራ ወደ ግራ መታጠፍስ? አረንጓዴ ቀስት ከበራ ተራው የእርስዎ ነው። ክብ አረንጓዴ ከሆነ ግን ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሳልፈው ይታጠፉ።

(ሙዚቃ)