ስለ ልብ ግድግዳ መወፈርና ስለ አልኮል ሕክምናው



በልብ ግራና ቀኝ መካከል ያለው የሥጋ ግድግዳ በአንዳንድ ሰዎች ከልክ በላይ ይወፍራል። ስለዚህም ደም ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር ይጠባል፤ በሽተኛው ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ቀድሞ መድኃኒት ላልረዳው በሽተኛ ዋናው ተስፋ ደረቱን ከፍቶ ሥጋውን መቅረፍ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ግን ዶክተር ኡልሪክ ሲግዋርት በሎንዶን ሮያል ብሮምፕተን ሆስፒታል ሌላ መንገድ አሳዩ። ቀጭን ቱቦ በደም ሥር በኩል እስከ ልብ ይገባና የወፈረውን ግድግዳ ወደሚመግበው ትንሽ ሥር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሊትር የሚሆን ንጹሕ አልኮል ይጨመርበታል። ያ ሥጋ ሞቶ በወራት ውስጥ ይሳሳል፤ በሩም ይሰፋል። ሕክምናው ግን ያለ አደጋ አይደለም፤ የልብ ምት መሥመር ተቋርጦ ፔስሜከር የሚያስፈልጋቸው አሉ።

ይህ ሕክምና ለአዋቂዎች እንጂ ለሕፃናት የታሰበ አይደለም። በሽታው ግን በዘር ይወረሳልና በተማሪዎቻችንም ላይ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ በስፖርት ሜዳ ሲሮጥ የወደቀውን ተማሪ «ሰነፍ» ብለን ከመገሠጻችን በፊት ወደ ሐኪም እንላከው። ልቡን የሚመረምረው ሐኪም ነው፤ መውደቁን አስቀድሞ የሚያየው ግን መምህሩ ነው።