የገንዳ ዓሣ፡ አመጋገቡ፣ ሽያጩና ሐቁ

(በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን መነሻ ከድሬዳዋ የደረሰን የአንድ ወንድም ጥያቄ ነው። ይህ ወንድም በጓሮው የቆሮሶ ዓሣ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ እያረባ በዚያው ውሃ ቆስጣና ሰላጣ ያበቅላል። አንድ ምግብ ቤት ታዲያ በገንዳው ውስጥ ያለውን ዓሣ በሙሉ፣ ገና ሳይደርስ፣ ልግዛህ ብሎ ቀብድ አቅርቦለታል። ከአካባቢው ሰዎች አንዳንዶቹ “ዓሣ እንደሆነ ሐላል ነው፤ ምኑ ይጠየቃል?” ብለውታል። እርሱ ግን ልቡ አላረፈምና ጠየቀን። አላህ ይጨምርለት፤ መጠየቁ ተገቢ ነበር።

አሠራሩን ለማያውቁ በአጭሩ እናስረዳ። ዓሣው ገንዳ ውስጥ ይቀለባል። ከሰውነቱ የሚወጣው አሞኒያ እዚያው ቢጠራቀም መልሶ ይገድለዋል። ስለዚህ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ ጠጠር ወደተሞላ የአትክልት መደብ እንዲፈስ ይደረጋል። በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ደግሞ ለአትክልቱ ምግብ ነው። ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። አኳፖኒክስ የሚባለው ይኸው ነው። ለዓሣው መርዝ የሆነው ነገር ለቆስጣው ሲሳይ ሲሆን ማየት በራሱ ሱብሓነላህ ያሰኛል።

ወደ ፊቅሁ እንመለስ። በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ የባሕር አደንና ምግቡ እንደተፈቀደልን አላህ (ሱ.ወ.) ነግሮናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ባሕር ውሃ በተጠየቁ ጊዜ ውሃው አጥሪ፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑን ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበዋል። ስለዚህ ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም፤ ያጠመደው ሰው ማንነትም አያግደውም። እስከዚህ ድረስ የድሬዳዋው ወንድማችን ጎረቤቶች እውነት ተናግረዋል። ነገር ግን የባሕሩን ዓሣ ማንም አላጠረውም፣ ምን እንደሚበላም ማንም አልወሰነለትም። የገንዳውን ዓሣ ያጠርነው እኛ ነን፤ አየሩም ምግቡም በእጃችን ነው። ሰው የአንድን ነፍስ መውጫ ከዘጋ በኋላ “ሐላል ነው” ብሎ ብቻ አያልፍም። ድመት ዘግታባት፣ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለሞተችባት ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣም ፈልጎ የሚበላበት ቦታ የለውም።

ይህንን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ በተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ አየር አጥቶ ሊያልቅ ይችላል። መብራት እንደሚጠፋ እያወቁ፣ መጠባበቂያ ሳያዘጋጁ፣ ትርፍ ይበልጣል ብሎ ገንዳውን ማጨቅ ገንዘብን ማባከን ብቻ ሳይሆን እንስሳን መበደልም ነው።

እንዲህ የሞተው ዓሣ ይበላል ወይ? በሻፊዒይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ መዝሀብ፣ ካልተበላሸና ጉዳት ከሌለው፣ ይበላል። ሐነፊዮች ያለ ምክንያት በራሱ ሞቶ የተንሳፈፈውን ይከለክላሉ፤ ሙቀትን ወይም መታፈንን የመሰለ የታወቀ ምክንያት ሲኖር ግን ይፈቅዳሉ። በአገራችን ሁለቱንም መዝሀብ የሚከተሉ ስላሉ አንዱ ሌላውን አያውግዝ። ሌሊቱን ሞቶ ያደረና የሸተተን ዓሣ ለሰው መሸጥ ግን በየትኛውም መዝሀብ ማታለል ነው። የደረሰውን ዓሣ ስናወጣም ቶሎ እንዲያልፍ እናድርገው። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል (ረ.ሐ.) ዓሣን በሕይወቱ እሳት ላይ መጣልን እንዳልወደዱት ተዘግቧል።

አሁን ወደ ሽያጩ እንምጣ፤ የጥያቄው እምብርት እዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ያለን ዓሣ መግዛት ገረር ነው፣ ማለትም መጨረሻው ያልታወቀ ንግድ ነው የሚለው ቃል ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ተላልፏል። ዑለማዎች ይህንን ዘርዝረውታል። ኢብኑ ቁዳማህ አል-ሙግኒ በተሰኘው ኪታባቸው እንዳስቀመጡት ዓሣው የሻጩ ንብረት ከሆነ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ዓሣው የሚታይ ከሆነና ሳያስቸግር መያዝ የሚቻል ከሆነ ሽያጩ ይፈቀዳል። ወንድማችን ገንዳው ትንሽ ነው፤ በመረብ ቢጨልፈው ዓሣውን ያወጣዋል። እንግዲህ ዛሬ ያለውን ዓሣ፣ ገዢው ቆሞ እያየ፣ ዛሬውኑ ቢሸጥለት ችግር የለበትም። ምግብ ቤቱ የሚፈልገው ግን ይህንን አይደለም። የሚፈልገው ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ የሚሆነውን ዓሣ ነው። ያ ዓሣ ስንት ኪሎ ይሆናል? ስንቱ ይሞታል? ይህንን ሁለቱም አያውቁም። ይህ ግልጽ ገረር ነው፤ አይፈቀድም።

ሸሪዓው ግን ሰውን በር ዘግቶበት አልተወውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለፍራፍሬ ከዓመትና ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ ሲከፍሉ አገኟቸው። አልከለከሏቸውም፤ መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዟቸው እንጂ። ይህ ሰለም የሚባለው ውል ነው። ወንድማችን እንዲህ ብሎ መዋዋል ይችላል፦ አንጀቱ የወጣ ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ፣ እያንዳንዱ ከ250 ግራም የማያንስ፣ በጠቅላላው 100 ኪሎ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ አስረክባለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትባቸው ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ገንዘቡ ነው። በሰለም ዋጋው በውሉ መቀመጫ በሙሉ መከፈል አለበት፤ ማሊኪዮች እስከ ሦስት ቀን መዘግየትን ብቻ ይፈቅዳሉ። ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ዓሣው ሲመጣ የሚለው የገበያችን የቀብድ ልማድ ሰለም አይሆንም። በሻፊዒዮችና በሐነፊዮች ዘንድ ውሉ የሚጸናው በተከፈለው ልክ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ “በዚህ ገንዳ ካለው ዓሣ” የሚለው ቃል ነው፤ ይህ ቃል ውሉ ውስጥ መግባት የለበትም። ዑለማዎች በአንድ ተለይቶ በታወቀ የአትክልት ስፍራ ፍሬ ላይ ሰለም መዋዋልን የከለከሉት ያ ስፍራ ሊመታ ስለሚችል ነው፤ ገንዳውም እንደዚያው ነው። የወንድማችን ዕዳ ዓሣ እንጂ የእርሱ ገንዳ ዓሣ አይደለም። ዓሣው ቢያልቅበት ከባቱ ወይም ከሐዋሳ አጥማጆች ገዝቶም ቢሆን ያስረክባል። ካልተገኘ ገዢው ይጠብቀዋል፣ ወይም የከፈለውን ብቻ ሳይጨምር መልሶ ይወስዳል። ይህ ሸክም የከበደው ሰው ባይዋዋል ይሻለዋል፤ ዓሣውን አድርሶ፣ አውጥቶና መዝኖ ይሽጥ። በነገራችን ላይ ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይወዳል፤ ከ20 በታች እድገቱ ይጎተታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የድሬዳዋን ቀን ቆጥሮ ውል ቢፈርም ራሱን ያስራል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ምንም ጥያቄ የለባቸውም። ጥያቄ የሚነሳው ከቄራ በሚወጣው የደም ዱቄት ላይ ነው። ፈሳሽ ደም ነጃሳ ነው፤ የደምን ዋጋ መቀበል መከልከሉም ቡኻሪ ዘንድ ተዘግቧል። ስለዚህ መኖ ስንገዛ ምን እንደተቀላቀለበት እንጠይቅ። ነጃሳ የሚመገብ እንስሳ ጀላላህ ይባላል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሥጋውን ከመብላት ከልክለዋል። መለኪያው በብዙ ዑለማዎች ዘንድ የሥጋው ሽታና ጣዕም መለወጥ ነው። መፍትሔው ንጹሕ እየመገቡ ማቆየት ነው፤ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ዶሮን ሦስት ቀን ይዘጉባት ነበር። ዓሣ አርቢዎችም ዓሣውን ከመሸጣቸው በፊት የጭቃ ጣዕሙ እንዲለቀው በንጹሕ ውሃ ለቀናት ያቆዩታል፤ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። የዶሮ ኩስ በኩሬ የሚጨምሩም አሉ። ኩሱ በሻፊዒዮችና በሐነፊዮች ነጃሳ፣ በማሊኪዮችና በሐንበሊዮች ንጹሕ ነው። አልጌ ለማብቀል ከሆነና ዓሣው አልጌውን ከበላ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሆኖም ቆስጣው ጥሬውን የሚበላ ሰው ለጤናው ሲል ቢተወው ይበጀዋል።

የአተላ ጥያቄም ደርሶናል። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ ገለባ እርሾ ከመጨመሩ በፊት የሚለይ ስለሆነ በራሱ አስካሪ ነገር የለውም። የጠላ አተላ ግን ከተብላላ በኋላ የሚቀር ነው። እርሱን በገንዘብ መግዛት ሙስሊም ሊርቀው የሚገባ ይመስለኛል፤ ፋጉሎ እያለ ምን አስጨነቀን?

ውሃውን በሚመለከት፣ የገንዳው ውሃ በአልጌ ቢያረንጓድድ ውዱእን አያግድም። ይህ ለመራቅ የሚያስቸግር ለውጥ ነውና። ሁለት ቁላ የሚባለው መጠን ደግሞ ወደ 200 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ በርሜል ማለት ነው። አንዳንዶች ከዚህ ከፍ ያደርጉታል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ግን የጎረቤትን ተራ ወስዶ ገንዳ መሙላት፣ ወይም መብራቱን ከቆጣሪው አሳልፎ መቀጠል የሰው ሐቅ መብላት ነው። ዓሣው ባለቀበት ገንዳ ውስጥ የተተወ ውሃም ወባ የምታስተላልፍ ትንኝ ሊያረባ ይችላልና ይደፋ።

ጫጩቱ ከየት እንደመጣም ይታወቅ። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 (እ.ኢ.አ) ወጥቷል። ዓሣን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላው ማዛወር ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ለመጀመር ያሰበ ሰው የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግር። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚህ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። የሰለቸውን ዓሣ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ እዝነት የሚመስለው ሰው አለ፤ ያልነበረ ዓሣ ወይም በሽታ ወንዙ ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ የአጥማጆች ነው።

ዘካውን እንጨርስ። ለቤቱ ብቻ የሚያረባ ሰው በዓሣው ላይ ዘካ የለበትም። ለሽያጭ ከሆነ ብዙዎቹ የዘመናችን ዑለማዎች እንደ ንግድ ዕቃ ያዩታል። ዓመት ሲሞላው ለሽያጭ ያለውን ዓሣና በእጁ ያለውን ገንዘብ ደምሮ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰ 2.5 በመቶ ያወጣል። ገንዳው፣ ፓምፑና ቧንቧው አይቆጠሩም። በቆስጣና በሰላጣ ላይ ሻፊዒዮች ዘካ የለም ይላሉ፤ አቡ ሐኒፋ (ረ.ሐ.) ግን አለ ይላሉ፤ በድካምና በወጪ በሚጠጣው ላይ 5 በመቶ ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።