ሥርዓት ሲወድቅ ጠባቂው ማን ነው? ከመንዝ ጓሳ የተገኘ ትምህርት



ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ፣ በሳምንቱም የደርግ አገዛዝ ሲያከትም፣ የብዙው ሰው ጥያቄ «ማን ይተካል?» የሚል ነበር። ገዥው ሲወድቅ አብሮት የሚፈርሰው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ያን ያህል አልተነሣም። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ በመንዝ ጓሳ ይገኛል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ውርጫማ ምድር የሚበቅለው የጓሳ ሣር የቤት ክዳንና ገመድ፣ በክፉ ቀንም የከብት መኖ ነው። ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አለቆቻቸውን መርጠው ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ጊዜው ሲደርስ በበጋ ከፍተው ያጭዱታል፤ ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉታል፤ ደንብ ያፈረሰም ይቀጣል።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ርስት ሲሻር ቄሮም አብሮ ተሻረ። አዋጁ የፍትሕ መሠረት ነበረው፤ ትውልዱን ከአቅኚዎቹ መቁጠር ያልቻለ ጎረቤት በጓሳው ላይ መብት አልነበረውምና። ይሁን እንጂ ቄሮ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ አንደኛው ማግለል፣ ሁለተኛው መጠበቅ። አዋጁ ማግለሉን ሲያስቀር ጥበቃውንም አፈረሰ። ሜዳው ለሁሉ ሲከፈት ሣሩም ማገዶውም ተመናመነ።

አሮጌ ቤት የሚያድስ መሐንዲስ ግድግዳ ከመናዱ በፊት ምን እንደ ተሸከመ ይመረምራል፤ ሸክም ካለበትም አስቀድሞ ድጋፍ ያቆማል። የመንግሥት ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ምርመራ ይዘለዋል።

ጓሳን መልሰው ያቃኑት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። በየገበሬ ማኅበራቸው ኮሚቴ አቁመው፣ የዘር ሐረግ መቁጠርን ትተው፣ የመዝጋትና የመክፈትን ደንብ መለሱ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ የአማራ ክልልም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀ። ገበሬው የሠራውን ሕግ አውጪው የተቀበለው ዘግይቶ ነው።

የሽግግር ሕግ የሚያረቅቁ ሁሉ በሚሽሩት በእያንዳንዱ ሥርዓት ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ ይጻፉ፦ ይህ ሲሠራው የነበረው ሥራ ከነገ ጀምሮ በማን እጅ ነው?