ምልክት የሌለው ኢንፌክሽንና ነፍሰ ጡር እናት



ነፍሰ ጡር ሴት ማሳከክም ሆነ ማቃጠል ካልተሰማት፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽም ካላየች፣ ብልቷ ከኢንፌክሽን ነፃ ነው ማለት ይቻላል? አይቻልም። የዛሬው ንግግሬ ይህንን ለማስረዳት ነው።

በጤናማ ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመነጩ ጎጂ ተህዋስያን እንዳይበዙ ያደርጋሉ። እነርሱ ሲመናመኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፤ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው ይህ ነው። ካለባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታም በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። በአገራችን የአባላዘር በሽታ ሕክምና በአብዛኛው የሚነሣው ታካሚዋ ከምትናገረው ምልክት ስለሆነ፣ ምንም ያልተሰማት እናት ሳትታከም ትቀራለች።

ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ያለባቸው እናቶች ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ታዲያ ሁሉንም መርምሮ ማከም አይበጅም? ጥናቶች የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው የቪየና ጥናት ምልክት የሌላቸውን ነፍሰ ጡሮች መርምሮ በማከም ያለጊዜው መውለድን ከ5.3 ወደ 3.0 በመቶ አውርዷል። በ2000 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን ሜትሮኒዳዞል በተባለው መድኃኒት ምንም ጥቅም አላገኘም። በ2018 የታተመው የፈረንሳይ ጥናትም ክሊንዳማይሲን በተባለው መድኃኒት ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሰ። በ2001 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ትሪኮሞናስ የተባለው የአባላዘር ተህዋሲ ያለ ምልክት ኖሮባቸው ሜትሮኒዳዞል ከወሰዱት እናቶች 19 በመቶው ያለጊዜያቸው ሲወልዱ፣ ካልወሰዱት የወለዱት 10.7 በመቶ ነበሩ። ተህዋሲ ተገኘ ተብሎ ብቻ መድኃኒት መስጠት እናትን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

ጥቅሙ የማያጠራጥር ምርመራም አለ። የቂጥኝ ቁስል ስለማያምና በብልት ውስጥ ስለሚደበቅ እናት ላታውቀው ትችላለች፤ የደም ምርመራ ያገኘዋል፣ ፔኒሲሊን ያድነዋል፣ ፅንሱም ይተርፋል። ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያም እናትን ሳያሳምም በብልቷ ውስጥ ይኖራል፤ በምጥ ጊዜ ግን ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ ይችላል። አስቀድሞ ቢታከም ተመልሶ ስለሚመጣ፣ በተገኘባት እናት መድኃኒቱ የሚሰጠው ምጥ ሲጀምር በደም ሥር ነው።

እናቶች ሆይ፣ እርግዝናችሁን እንዳወቃችሁ የቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምሩ፤ ከዚህ በፊት ያለጊዜው ወልዳችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የብልታችሁን ውስጥ በሳሙናም ሆነ በሌላ ነገር አትጠቡ፤ ከጎረቤት ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ያገኛችሁትን መድኃኒት አትዋጡ። አባቶች ሆይ፣ ሚስታችሁ የአባላዘር በሽታ ተገኝቶባት ስትታከም አብራችሁ ታከሙ፤ ካልታከማችሁ በሽታው ተመልሶ ሊይዛት ይችላል። የጤና ባለሙያዎችም የቂጥኝ ምርመራ ሳታደርግ ወደ ቤቷ የምትመለስ ነፍሰ ጡር እንዳትኖር አደራ እላለሁ።