ስለ ቪዲዮ ካሜራ ግዥ ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር

(በጸሐፊው የተነበበ፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል እዚህ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ ማኅበሩ የቪዲዮ ካሜራ እንዲገዛ ተወስኖ፣ የትኛው እንደሚሻል አጣርቼ እንዳቀርብ ታዝዤ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ሠርግ የሚቀርጹትን ልጆች እየዞርኩ ጠይቄአለሁ፤ በእጄም ሞክሬአለሁ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። የማኅበራችን መሥራቾች በየተራ እየተነሡ መዋጮው እንዴት እንደተጀመረ፣ የመጀመሪያው ድንኳን በማን ግቢ እንደተተከለ የተናገሩባት አንዲት ሚኒ ዲቪ ካሴት ነበረችን። ባዶ መስላኝ የጎረቤት ሠርግ ቀረጽኩባት። ዛሬ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንድም በሕይወት የለም። ካሴቷ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ገፋ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ካሜራው አልቀርጽም ይል ነበር። ይህን ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ካሜራ ስመርጥ የምጠይቀው ከቀረጻው በኋላ ያለውን ነው፦ ምስሉ ወደ ኮምፒዩተር በቀላሉ ይገባል ወይ? ልጆቻችን ቆርጠው ሊቀጥሉት ይችላሉ ወይ?

ባለ ካሴት ካሜራ አሁን በርካሽ ይገኛል። ሚኒ ዲቪ በፈረንጆች 1995 የወጣ ነው፤ በዘመኑ ጥሩ ነበር። ግን የአንድ ሰዓት ቀረጻ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ማጫወት ያስፈልጋል፤ 13 ጊጋባይት ያህልም ይይዛል። ፋየርዋየር የሚባለው መሰኪያውም በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ የለም። በትንሿ ዲቪዲ የሚቀርጸው ደግሞ በደህና ጥራት የሚይዘው 30 ደቂቃ ያህል ነው፤ እሱን ተዉት። የሚሻለን በሚሞሪ ካርድ የሚቀርጸው ነው።

ሻጮች ሁሉ «ፎር ኬ ነው» ይሏችኋል። ፎር ኬ ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው ምስል ነው። የእኛ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን ሲሞከር ቀጥ ብሎ ቆመ። ፉል ኤችዲ ይበቃናል። ኤምፒ ፎር በሚባለው ዓይነት የሚቀርጽ ቢሆን ደግሞ ለኤዲት ይቀላል። ሶኒና ፓናሶኒክ በፈረንጆች 2006 ያወጡት ኤቪሲኤችዲ ጥራቱ ጥሩ ነው፤ 32 ጊጋባይት ካርድ በከፍተኛ ጥራት 3 ሰዓት ያህል ይይዛል። ነገር ግን ረጅሙን ቀረጻ ብዙ ቦታ ስለሚከፋፍለው ካርዱን እንዳለ ሙሉውን መገልበጥ ያስፈልጋል። አንዱን ፋይል ብቻ ያነሣ ሰው ንግግሩ መሐል ላይ ይቆረጥበታል።

ድምፁን ግን አደራ! ድንኳን ውስጥ ካሜራው ከሩቅ ሆኖ የሚሰማው የሳሕንና የወንበር ኳኳታ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮው አለ። ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ካልተሰማ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ የውጭ ማይክ መሰኪያ የሌለውን ካሜራ ምንም ቢያምር አንገዛም፤ ማይኩንም አብረን እንገዛለን። ስለ ማቅረቢያው ስትጠይቁ የሌንሱን ቁጥር ብቻ ተመልከቱ። ዲጂታል የሚሉት ምስሉን ለጥጦ ማደብዘዝ ነው።

ዘመዴ ከአሜሪካ ይልካል ያላችሁ እግዜር ይስጥልን። ግን እዚያ መብራቱ 60 ዑደት፣ እኛ ዘንድ 50 ነው፤ የዚያ ካሜራ እኛ መብራት ሥር ሲቀርጽ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ይረዳል። በእጅ የማይስተካከል ከሆነ ይቅር።

«ስልካችን አይበቃም ወይ?» ላላችሁ፣ ለቤታችሁ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን አታውጡ። በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ አለዚያ ስልክ ሲደወል ሊቋረጥባችሁ ይችላል። ለአዳራሽና ለድንኳን ግን ከሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ፣ ሰዓታት የሚቆይም ያስፈልገናል።

ለልጆቹ ሾትከት የሚባል በነጻ የሚገኝ ማቀናበሪያ ጭነናል። ዋናው ቅጂ ሳይነካ በሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱ አይጠፋም፤ አንዱ በማኅበሩ ቢሮ፣ ሌላው በሊቀመንበሩ ቤት ይሆናል። ካርዱም መቆለፊያ አለው፤ ቀረጻው እንዳለቀ እኔው ራሴ እቆልፋለሁ።

በመጨረሻ፣ በየቤታችሁ የቆየ ካሴት ያላችሁ ስማችሁንና በውስጡ ያለውን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ። የሚያጫውት ደህና ካሜራ ለሁለት ሳምንት ተውሰናል። የአረጋውያኑን እናስቀድማለን፤ ሠርግ ኋላ ይደርሳል።