የጣራችን ፀሐይ ለማን ትሥራ?

(በኮምቦልቻ ግቢ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው ኮሚቴ ስለ ፀሐይ ኃይል እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ እምቢ ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። ስለ ፀሐይ የሚናገር ሰው የሚለው አስቀድሞ የታወቀ ነውና፤ አገራችን የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለጸጋ ናት ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ከዚያ በኋላ ተናጋሪውም አድማጩም መብራት ወደ ጠፋበት ቤቱ በእጅ ባትሪ እየተመራ ይገባል። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በቅርቡ አንድ ዘመዴ ያመጣብኝ ጥያቄ ነው።

ይህ ዘመዴ የአክስቴ ልጅ ሲሆን ደሴ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጇን የገዛት ዕቁብ ሲደርሰው ባገኘው ገንዘብና ከእናቱ በተበደረው ነው፤ ቤተ ሰቡም የሚበላው ከእርስዋ ነው። አንድ ቅዳሜ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ እዚህ ግቢ ድረስ መጣና አጣጥፎ የያዘውን ወረቀት ዘርግቶ፣ «አንተ ተምረሃል ይሉኛል፤ እስቲ ይህን ሒሳብ ሥራልኝ» አለኝ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ዋጋዎች ተጽፈዋል፤ ባጃጇ የምትሸጥበት፣ የፀሐይ ፓነል የሚገዛበትና አንድ አሮጌ የቢትኮይን ማውጫ መኪና የሚገኝበት። አሳቡም ባጃጇን ሸጦ ጣራው ላይ ፓነል ሊዘረጋ፣ ፀሐይ በነጻ እየሠራችለት እርሱ ቤቱ ተቀምጦ ዶላር ሊያገኝ ነው።

እባካችሁ አትሳቁበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ገንዘቡ በእጁ ላይ ሲቀልጥ ያየ ሰው ዶላር ሆኖ የሚመጣ ገቢ ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። ደግሞም አሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቻይና በ2013 ዓ.ም. የቢትኮይን ማውጣትን ማባረር ከጀመረች በኋላ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ ሲዞሩ ወደ እኛም መጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 እንዲህ ካሉ ኩባንያዎች ጋር ውል መግባቱ ተዘግቦ ነበር፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ናቸው ተባለ። የአክስቴ ልጅ የሚለው እንግዲህ፣ «እነርሱ ከውጭ መጥተው በእኛ ኃይል ካተረፉ እኔ በገዛ ጣራዬ ፀሐይ ለምን አላተርፍም?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በስሜት ሳይሆን በቁጥር መገኘት አለበት።

ማውጣት ሲባል ቁፋሮ የሌለው ማውጣት ነው። ቢትኮይን በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንሥቶ የሒሳቡ መዝገብ በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ገጽ ይጨመርበታል። ገጹን ለመዝጋት የሚያበቃ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን በብልሃት ማግኘት አይቻልም፤ ያለው መንገድ እየገመቱ መሞከር ብቻ ነው። ቀድሞ የገጠመለት ሽልማቱን ይወስዳል። ሽልማቱ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ በግማሽ ይቀነሳል፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ስለዚህ መኪናው የሚሠራው ሥራ ሎተሪ መቁረጥ ነው ብንል አንሳሳትም፤ የሚለየው በሴኮንድ ውስጥ በትሪሊዮን የሚቈጠር ዕጣ መቁረጡ ላይ ነው። ብቻውን የሚቆርጥ ሰው ዕድሜ ልኩን ላይደርሰው ስለሚችል ብዙዎች በማኅበር ሆነው ይቆርጡና የደረሳቸውን እንደየድርሻቸው ይከፋፈላሉ። ይህን ስነግረው ዘመዴ «እንደ ዕቁብ ነዋ!» አለ። አይደለም፤ በዕቁብ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ እዚህ ግን የሁሉም ድርሻ ዓለም ላይ አዲስ መኪና በተተከለ ቁጥር ያንሳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ሊገዛ ያሰበው አንትማይነር ኤስ19 የሚባለውን ነው፤ በሴኮንድ 95 ትሪሊዮን ግምት ይሞክራል፤ 3,250 ዋት ይበላል። ዋት ሲባል ግር ለሚላችሁ በቤታችን አነጋገር ላስቀምጠው፤ አንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ሲነድ ማለት ነው። የበላው ኃይልም እንዳለ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ የማራገቢያው ጩኸት ደግሞ ጎረቤት ያስነሣል። በኅዳር ሌሊት የጦሳ ብርድ ሲወርድ ደሴ ላይ ለማሞቂያነት ሳይጠቅም አይቀርም፤ እዚህ ኮምቦልቻ በግንቦት ቀትር አብሮት የሚቀመጥ ሰው ግን ይታዘንለት።

በቀን 24 ሰዓት ቢሠራ 78 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚሠራ ከኮምቦልቻ ሙቀት የደሴ አየር ይሻለዋል። ፀሐይዋን በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ኃይል ብለን ብንቈጥር፣ በሽቦ፣ በአቧራና በመለወጫው የሚጠፋውን ሩብ ብናወጣ ወደ 21 ኪሎዋት የሚሆን ፓነል ያስፈልጋል። ይህም 550 ዋት የሆኑ 38 ፓነሎች፣ ስፋቱም 100 ካሬ ሜትር ያህል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ጣራ 60 ካሬ ነው፤ ከፊሉንም የጎረቤት ባሕር ዛፍ ያጠላበታል። የሌሊቱን ኃይል የሚያከማቸው ባትሪ ደግሞ ከፓነሉና ከመኪናው ተደምሮ የሚበልጥ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ባትሪውን ተወው አልሁት፤ ፀሐይ ባለችበት ስድስት ሰዓት ብቻ ይሥራ፤ ዐሥር ፓነል ይበቃሃል።

በስድስት ሰዓት ምን ያገኛል? በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዓለም መኪናዎች ሁሉ ጉልበት አንድ ላይ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ትሪሊዮን ግምት ደርሶ ነበር። የእርሱ 95 ትሪሊዮን ከዚያ ውስጥ ከዐሥር ሚሊዮን አንድ እጅ አይሞላም። በቀን የሚወጣው 450 ቢትኮይን ነው። የአንዱን ዋጋ፣ ለእርሱ ላድላለትና፣ 100 ሺህ ዶላር ብዬ ብይዘው ሌሊትና ቀን ለሚሠራ 4 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በስድስት ሰዓት 1 ዶላር ከ7 ሳንቲም ይደርሰዋል። ይህ ሐምሌና ነሐሴን እንደ ጥር በመቍጠር ነው፤ የወሎን ክረምት የምታውቁ አድማጮቼ ስንቱን ቀን መቀነስ እንዳለብኝ ታውቃላችሁ። ዋጋውም ቢሆን የሚታመን አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወደ 69 ሺህ ዶላር ወጥቶ የነበረው ቢትኮይን በዓመቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. 16 ሺህ አካባቢ ወርዶ ነበር፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. መቶ ሺህ አለፈ። እንዲህ ከሚዘል ነገር ጋር የልጆችን እንጀራ ማሰር ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለባለ ትዳሮች እተዋለሁ።

መኪናው ኢንተርኔት ካጣ እንደሚቆምም አንርሳ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሕጉንም ማወቅ ያሻል፤ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ ለመገበያያ የተፈቀደ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በበኩሉ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ማውጣቱን ጨምሮ በሥራው የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠርቷል። «በቤቴ ውስጥ ማን ያየኛል?» ለሚል ሰው የማራገቢያው ጩኸት መልስ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ብቆም የአክስቴን ልጅ ተስፋ አስቆርጬ መሸኘቴ ብቻ ነበር። ነገር ግን የቁጥሩ ቁም ነገር ገና አልተነገረም። በስድስት ሰዓት መኪናው የሚበላው 19 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህን በ1 ዶላር ከ7 ሳንቲም መስጠት አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ5 ሳንቲም ተኩል መሸጥ ነው። አሁን ከቤቱ ወጥቶ መንገዱን ይመልከት። መብራት በጠፋ ቀን በዚያው ሰፈር ፀጕር አስተካካዩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በያጁ፣ ጁስ ቤቱ ጀኔሬተር ያስነሣሉ። ትንሽ ጀኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚያወጣው 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። እንግዲህ ያ የጣራ ፀሐይ በቀን ከስድስት ሊትር በላይ ናፍጣ ይተካል። ስድስት ሊትር ናፍጣ የሚተካውን ነገር ስሙን ለማናውቀው ገዢ በአንድ ዶላር እናስረክብ ማለት ነው ዕቅዱ!

ይህን ስናገር በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ከተሞቹ በጦርነቱ ተይዘው መብራትም ስልክም በተቋረጠበት ወቅት በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ፓነል ነበረቻቸው። ቀን የጎረቤቱን የእጅ ባትሪና ራዲዮ ይሞሉበታል፤ ማታ ታማሚ ያለበት ቤት ቅድሚያ ያገኛል። የዚያች ፓነል አንድ ዋት ስንት ያወጣ ነበር? በዚያ ሳምንት ማንም በሳንቲም አልተመነውም።

ክርክሩን ግን ለራሴ በሚመች መንገድ ብቻ አላቀርብም። ትርፍ ኃይል የሚባል ነገር እውነት አለ። በኬንያ ግሪድለስ የሚባል ኩባንያ በገጠር ትንንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አጠገብ መኪና ተክሎ መንደሩ የማይጠቀምበትን ትርፍ ይገዛል፤ ለማመንጫው ባለቤት በከንቱ ከሚፈስ ውሃ የተገኘ ገንዘብ ነው። እንዲሁም የአክስቴ ልጅ ፓነሎቹን ለሌላ ሥራ ዘርግቶ፣ መብራት ባልጠፋ ቀን፣ ዕሑድ ከሰዓት በኋላ የሚተርፈውን ለመኪናው ቢሰጥ አልቃወመውም። የምቃወመው ትርፉን ዋና፣ ዋናውን ትርፍ ማድረጉን ነው።

መንግሥታችንም የተከራከረው በዚሁ በትርፍ ነው። የሕዳሴው ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ማመንጨት ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው ተባለ። ያመነጨውን ወደ ቤት የሚያደርስ ምሰሶና ሽቦ ግን ገና አልተዳረሰም፤ ኃይሉ ከሚባክን ለማውጫ ኩባንያዎች በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ተሽጦ የውጭ ምንዛሪ ይግባ የሚለው ክርክር በመጀመሪያው ዓመት ሚዛን የሚደፋ ነበረ፤ በበኩሌ አልነቅፈውም። ሆኖም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ በሌለበት አገር ትርፍ የሚለው ቃል ዕድሜው አጭር መሆን ነበረበት። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም በ2025 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ሁሉንም ሕዝብ ለማዳረስ፣ 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን እንደ ፀሐይ ባሉ ከመረብ ውጭ በሆኑ መንገዶች፣ አቅዶ ነበር። ዓመቱ መጣ፤ ዕቅዱ ግን አልደረሰም። የኃይል መሥሪያ ቤቱ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ለአዲስ ማውጫዎች ኃይል እንደማይሰጥ ማሳወቁ ትርፉ እያለቀ መምጣቱን ያሳያል። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ከገባው ዶላር ስንቱ ምሰሶና ሽቦ ሆነ? በዚህ አዳራሽ ያሉ የኢኮኖሚክስ መምህራን አንድ ማታ ቢነግሩን ኮሚቴው ደስ ይለዋል።

ዘመዴ ባጃጇን አልሸጠም። ለጊዜው የተስማማነው ሁለት ፓነልና አንድ ባትሪ ከባጃጇ ገቢ ቀስ በቀስ ሊገዛና ከጎኑ ያለውን ፀጕር አስተካካይ በወር ክፍያ ሊያስጠቀም ነው፤ አስተካካዩ ገና ዋጋ እየተከራከረ ነው። መኪናውን ግን ፈጽሞ ከልቡ አላወጣውም፤ «ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ቢገባስ?» ብሎ ትናንት ደውሎልኛል። በሁለት መቶ ሺህም ሠርቼለታለሁ። ሁለቱንም ሒሳብ በኋላ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የምሕንድስና ክፍል ጓደኞቼ ሳይደመሰስ እዩትና ስሕተት ካገኛችሁ ሰኞ እርሱ ወደ ኮምቦልቻ ሳይወርድ ንገሩኝ።